በቮልስዋገን ወደ አፋር በረሃ፦ አሮጌ መኪናን አዘጋጅቶ በደስታ የመንዳት መመሪያ

አሮጌዋ ጥንዚዛ መሰል ቮልስዋገን፣ በአጭሩ ቮልስ፣ ውኃ አትጠጣም። ራዲያተር የላትም፤ መንገድ ዳር አቁማችሁ የሚፈላ ውኃ የምትጠብቁበት ምክንያት የለም። ከኋላ የተቀመጠው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን እንደ ከተማ መኪና ነው የሚያያት፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ቢበዛ ቅዳሜና እሁድ እስከ ቢሾፍቱ። እኔ ደግሞ እውነተኛ መልኳ የሚወጣው ከአዋሽ ማዶ ነው ባይ ነኝ። በሚገባ ተዘጋጅታ በራሷ ፍጥነት ከተነዳች፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ በዚህች መኪና ውስጥ ሌላ መንገድ ይሆናል።

ምክንያቱም ቀላል ነው። አየር ማቀዝቀዣ ባለው አዲስ መኪና ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ በመስታወት ማየት ብቻ ነው። በቮልስ ግን ትንንሾቹን ባለ ሦስት ማዕዘን የፊት መስታወቶች ወደ ራሳችሁ ስታዞሩ የአገሩ አየር ፊታችሁ ላይ ይመጣል። አዳማን አልፋችሁ ወለንጪቲ ስትደርሱ ሹራብ ታወልቃላችሁ፤ መተሐራ ላይ እጅጌ ትሰበስባላችሁ፤ ገዋኔ አካባቢ አየሩ ደረቅና ትኩስ ሆኖ የግራርና የአቧራ ሽታ ይዞ ይገባል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ደግሞ ግመሎቹን በቁጥር ሳይሆን በመልካቸው ታያላችሁ። ይህን ደስታ የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልተዘጋጀች መኪና። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ዝግጅት ነው።

መቼ እንደምትሄዱ ወስኑ

ከኅዳር እስከ ጥር ማለቂያ ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። በግንቦትና በሰኔ ሰመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ያኔ ሞተሯ ብትችል እንኳ እናንተ አትችሉም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነት በቅርቡ ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል፤ ስምጥ ሸለቆ እንቅልፍ የሌለው ምድር ነውና የትናንቱ ወሬ ለዛሬ አይበቃም። በሌሊት ግን በምንም ምክንያት አትንዱ።

የነፋሱን መንገድ ፈትሹ

የኋላውን ኮፈን ክፈቱና ሞተሩን ከላይ ተመልከቱ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ጥቁር ቆርቆሮዎች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር የሚለዩት እነርሱ ናቸው። በቆርቆሮውና በመኪናዋ አካል መካከል ዙሪያውን የሚሄድ የላስቲክ ማሸጊያ አለ። በብዙ አሮጌ ቮልሶች ላይ ይህ ላስቲክ ደርቆ ተሰባብሯል ወይም ሞተር ሲወርድ ተጥሎ ቀርቷል። እርሱ ከሌለ ማራገቢያው ከጭስ ማውጫው አካባቢ የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ሚሌ ላይ ግን ሞተር ያስወርዳል። ላስቲኩን አስገቡ፣ የጎደለ ቆርቆሮ ካለ አሟሉ፣ የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን።

አየሩ የሚገባው ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ስንጥቆች ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ሻንጣ፣ ሸራ ወይም ምንጣፍ አትጫኑ። የኋላ ኮፈኑን በእንጨት ከፍተው የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። ማሸጊያው የተሟላ ከሆነ ፋብሪካው ያበጀው የአየር መንገድ በቂ ነው።

የጋቢናውን ማሞቂያም አትርሱ። ሽቦው ዝጎ ክዳኑ ክፍት የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። በደጋ ብርድ በረከት ነው፤ በአፋር ግን እግራችሁ ሥር ምድጃ ተቀምጧል ማለት ነው።

ቺንጋው፦ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት

ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። እርሱ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው ያን ጊዜውኑ ይቆማል። ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀይ የዲናሞ መብራት ነው። ያ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ወደ ቀጣዩ ከተማ ለመድረስ አትሞክሩ፤ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ ሞተር ለማበላሸት ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ትርፍ ቺንጋ ያዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ቤታችሁ በር ላይ አንድ ጊዜ ራሳችሁ ቀይሩት። በዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ካቻቢቴ እዚያ ውስጥ አስገቡና ፑሊው እንዳይዞር ዲናሞው ላይ አስደግፉት፤ ከዚያ መሐል ያለውን ነት ፍቱ። ፑሊው ለሁለት ይከፈላል። በሁለቱ ግማሾች መካከል ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። ከመካከል ሮንዴላ ስትቀንሱ ቺንጋው ይጠብቃል፤ ስትጨምሩ ይላላል። የተረፉትን ሮንዴላዎች አትጣሉ፤ ከውጭ በኩል ነቱ ሥር አስቀምጧቸው፣ ለሌላ ጊዜ ያስፈልጋሉ። ሲታሰር በአውራ ጣት መሐሉ ላይ ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢገባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ይንሸራተትና ማራገቢያው ይደክማል። አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ጨብጣችሁ እዩት።

ይህን በጥላ ሥር በእርጋታ አንዴ የሠራ ሰው፣ ገዋኔ ላይ ፀሐይ አናቱን ሲመታው እጁ አይንቀጠቀጥም።

ዘይት፣ ቫልቭ፣ ካርቡሬተር

ቮልስ የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ዘመናዊ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር አንዲት የሽቦ ወንፊት ብቻ አለች። እንዲህ ያለ ጥቂት ዘይት ደግሞ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም ሥራው ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በአዲስ ወፈር ያለ ዘይት፣ ለምሳሌ በ20ደብሊው50፣ ቀይሩ፤ ወንፊቷን አስወጥታችሁ እጠቡ፤ ሁለት ሊትር ትርፍ ያዙ። በየነዳጅ ማደያው ልኩን ማየት ልማድ ይሁናችሁ።

የቫልቮቹን ክፍተት የሚያስተካክል መካኒክ ስታገኙ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ከተቻለ ማታ አሳድሯትና ጠዋት ሳትነሳ ይሠራ። ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር፣ ማለትም በግራ በኩል ወደ መኪናዋ ፊት ያለውን፣ አጥብቃችሁ አስፈትሹ። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱ መንገድ ላይ ከዚህ ሲሊንደር በላይ ስለተቀመጠ፣ ሲሊንደሩ የሚያገኘው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ቫልቭ ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው እዚያ ነው። ክፍተቱ በየጊዜው እየጠበበ የሚመጣ ከሆነ ቫልቩ እየተለጠጠ ነውና በረሃውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥሩ መካኒክ ቤንዚኑን ቀነስ፣ እሳቱን (ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ) ቀደም ያደርጋል፤ ሞተሩም ደስ ይለዋል። ያው ማስተካከያ ቆላ ላይ ግን መርዝ ነው። አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ የቀደመው እሳት ደግሞ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ስለዚህ መካኒኩን «ቆላ ልወርድ ነው፤ እሳቱን በፋብሪካው ምልክት ላይ መልሰው፣ የካርቡሬተሩንም ጂግለር እይልኝ» በሉት፤ ጂግለር ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ ነው። ነዳጅ ረግጣችሁ ዳገት ስትወጡ ከኋላ እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱ ቀድሟል ማለት ነው፤ ቆማችሁ ጥቂት ወደ ኋላ መልሱት።

የምሥራች ደግሞ አለ። ደጋ ላይ ሞተሩ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ስትወርዱ ይመለስለታል። መተሐራን ያለፈች ቮልስ ከመገናኛ ዳገት ጋር ስትታገል የምታውቋት አይደለችም፤ እግራችሁ ሥር ያለው ለውጥ ራሱ የጉዞው አንዱ ደስታ ነው።

የቤንዚን ቱቦዎቹን ግን ያለ ምንም ማመንታት ሁሉንም በአዲስ ቀይሩ። የቮልስ የእሳት አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ሞተሩ አጠገብ ከተሰነጠቀ ርካሽ ቱቦ ነው። አዲስ ቱቦ፣ ጥሩ ማሰሪያ፣ መሪው አጠገብ የእሳት ማጥፊያ። በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም።

ጎማ

ጎሚስታው አራቱንም ጎማ እኩል ሊነፋላችሁ ይፈልጋል። አትፍቀዱ። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ ከፊት 18፣ ከኋላ 26 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይበቃታል። ከፊት ከልክ በላይ ከተነፋች መሪዋ ይቀላልና ከጂቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ባጠገባችሁ ሲያልፉ ነፋሳቸው ከመስመር ይገፋችኋል። ትርፍ ጎማውንም አስነፉ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች የመስታወት ማጠቢያውን ውኃ የሚገፋው የእርሱ አየር ነው።

የሚያዝ ዕቃ

ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ክሪክ፣ የእግር ፓምፕ፣ የምታውቋቸው የሥራ መሣሪያዎች። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ውኃ፣ ከዚያ ላይ የተረፈ አንድ ጀሪካን። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ፤ ጥቅማቸውን ከታች እነግራችኋለሁ። ነጭ የጥጥ ልብስና ነጠላ ከማንኛውም የፀሐይ ክሬም በላይ ይሠራሉ። ቤንዚን ግን በጀሪካን ጋቢና ውስጥ አትያዙ። ሰልባትዮዋ 40 ሊትር ይይዛል፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ስምንት ሊትር ገደማ ትጠቀማለች፤ አዋሽ ላይ ሙሉ ካደረጋችሁ ሰመራ ትደርሳላችሁ። ማደያ ላይ ቤንዚን ሊጠፋ ስለሚችል ግማሽ ከደረሰ ባገኛችሁበት ሙሉ።

የመጀመሪያው ቀን፦ እስከ አዋሽ

ማልዳችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አትቸኩሉ። መተሐራ አካባቢ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ስታልፉ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ውኃው ድረስ ወርዶ ታያላችሁ፤ ከበላዩ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ሐይቁ ለዓመታት እየሰፋ የአስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን ዳር የበላ ነው። ከመተሐራ ቀጥሎ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይመጣል። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለው ሳላዎች ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ ይግጣሉ። የቮልስ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ በእርጋታ ተንከባላችሁ ቁሙ። ፓርኩ ውስጥ ገብታችሁ የአዋሽን ፏፏቴ ለማየት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ግድም ጥሩ ነው፤ ብርሃኑ ለስልሶ ገደሉ ቀይ ይሆናል። ያን ሌሊት አዋሽ እደሩ።

ሁለተኛው ቀን፦ እስከ ሰመራ

ከአዋሽ ስትወጡ የሐረርጌው መንገድ ይለያል፤ የእናንተ ወደ ሰሜን ነው። ከዚህ ጀምሮ የአነዳድ ደንቡ ይለወጣል።

ፍጥነታችሁን ከ70 እስከ 80 ያዙ። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተች እንድትወጣ አታድርጉ። ቀድማችሁ ሦስተኛ አስገቡ። ድምፁ ይጨምራል፣ ሰው «ሞተሩን አስጮህከው» ሊል ይችላል፤ ግን የሚጮኸው ሞተር እየቀዘቀዘ ነው፣ የሚያቃስተው ነው የሚቃጠለው። ይህን ያልተቀበለ ሰው በቮልስ በረሃ ባይሄድ ይሻላል።

መኪናዋ የሙቀት መለኪያ የላትም። መለኪያችሁ ጣታችሁ ነው። በየሰዓቱ ገደማ ቁሙ፣ የኋላ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የዘይቱን ዘንግ አውጡና ጫፉን በጣት ንኩት። ለአፍታ መያዝ ከቻላችሁ ደህና ናት። እጅ የማያስነካ ከሆነ ሩብ ሰዓት አሳርፏትና ከዚያ በኋላ በአሥር ኪሎ ሜትር ቀንሳችሁ ንዱ። ከባድ ዳገት እንደወጣችሁ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆማ ትዙር፣ ነፋሱ ሥራውን ይጨርስ።

ካቆማችኋት በኋላ አልነሳ ብላ ቤንዚን እንዳጣች ብትንተፋተፍ አትደንግጡ። ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦው ውስጥ ተንኖ ይሆናል። አንዱን ጨርቅ በውኃ ነክራችሁ በነዳጅ ፓምፑና በቱቦው ላይ ብቻ ጠቅልሉ፤ በትኩስ ሞተር ላይ ውኃ አትርጩ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሞክሩ። ሌላው ጨርቅ ለእጃችሁ ነው።

ገዋኔ ላይ ቁርስ ብሉ። ከከተማዋ በላይ የሚታየው አየሉ ተራራ ጠዋት ላይ ሰማያዊ ነው፤ ረፋድ ላይ ግን በሙቀቱ ጭጋግ ይደበዝዛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለውን እሾሃማ አረንጓዴ ስታዩ ልምላሜ አይምሰላችሁ፤ የግጦሹን መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ነው፣ እሾሁም ጎማ ይበሳል። ዳር ስትወጡ መሬቱን ቀድማችሁ እዩ።

ከዚያ በኋላ መሬቱ ይከፈታል። ዛፉ ያንሳል፣ ጥቁር ድንጋይና ገለባ የመሰለ ሣር ይተካል፣ አድማሱ ከየአቅጣጫው ይርቃል። ከሚሌ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሐዳር አለ፤ በ1967 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሉሲ የተገኘችበት ስፍራ። ሚሊዮኖች ዓመታት የተደራረቡበትን አፈር በአንድ አሮጌ መኪና መስኮት ማየት ሰውነትን ያሳንሳል፣ መንፈስን ግን ያሰፋል። መስኮቱን ሙሉ ለሙሉ አውርዱት። ራዲዮ አያስፈልግም፤ ከኋላ የሚመጣው ወጥ የሆነ የሞተር ድምፅ ራሱ የመንገዱ ዜማ ነው፣ ከተለወጠም ቀድሞ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ የዕረፍት ነው። ሰመራ ሳትደርሱ ሙቀቱ ከበረታባችሁ፣ ሚሌ ወይም ሎግያ ላይ ጥላ ፈልጉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተኙ። የመኪናዋን ኋላ ጥላ ውስጥ አስገቡ።

ሰዎቹና ከብቶቹ

አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ የት ጣለ። ስትቆሙ እናንተም ሰላም በሉ፣ ተጠየቁ፣ ጠይቁ። ከፊት ስላለው መንገድ ከዚህ የተሻለ ወሬ የለም። አሮጌ መኪና ደግሞ በር ከፋች ናት፤ ሽማግሌዎች «ይህቺን አውቃታለሁ» እያሉ ይቀርባሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ።

ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ክላክስ አታሰሙ። አንዷ ካለፈች የቀሩትም ይከተላሉና ሁሉም እስኪያልፉ ቁሙ። ግመል ማለት ለባለቤቱ የቤተ ሰብ ሀብት ነው፤ ለቮልስም ከግመል ጋር መጋጨት የመጨረሻዋ ነው።

ከአስፋልት ስትወጡ

ጥቂት ብቻ ውጡ። ከኋላ ያለው የሞተር ክብደት ጎማዎቹን መሬት ላይ ስለሚጫን ቮልስ ከብዙ የከተማ መኪኖች በተሻለ አሸዋ ላይ ትሄዳለች። ለአሸዋ የኋላውን ጎማ ወደ 15 ፒ.ኤስ.አይ አስተንፍሱ፤ አስፋልት ከመመለሳችሁ በፊት በእግር ፓምፑ መልሳችሁ ንፉ። ከተያዘች ነዳጅ አትርገጡ፤ መቆፈር ብቻ ነው ትርፉ። የእግር ምንጣፎቹን የኋላ ጎማዎች ሥር አንጥፉና ሁለት ሰው ይግፋ፤ ቀላል ናት፣ ትወጣለች። ዝናብ የጣለበት ለጥ ያለ ጭቃማ ሜዳ ላይ ግን አትግቡ። ዳሎልና ኤርታሌን ማየት ከፈለጋችሁ ቮልሷን ሰመራ አቁማችሁ ከአካባቢው ሰው ጋር በላንድክሩዘር ሂዱ።

መመለስ

መልሱ ዳገት ነው፤ ከሰመራ እስከ አዲስ አበባ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣላችሁ፣ ሞተሩም እየወጣ ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል። ከአዋሽ እስከ አዳማ ያለውን በማለዳ ጨርሱት። ሦስተኛ ማርሽ፣ ቀኝ መስመር፣ የሚቸኩል ይለፍ።

ቤት ስትገቡ ዘይቱን ገና ትኩስ ሳለ አውርዱ። የወንፊቷን ውስጥ እዩ፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ መካኒክ ጥሩ። የአየር ማጣሪያዋ ዘይት የሚቀመጥበት ዓይነት ከሆነ ከሥሩ የአፋር አቧራ ረግቶ ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጭቃውን ጠርጋችሁ ጎድጓዳውን በቤንዚን እጠቡና እስከ ምልክቱ ድረስ በአዲስ ዘይት ሙሉት። ቫልቮቹንም በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ እንደገና አስለኩ።